ሰማንያ አንድ በመቶ

«የሚጮህ ፋን ነው ያለን» አለ ባለሱቁ።

«የማይጮኸውስ?»

«የማይጮኸው ትናንት አለቀ።»

ትክክለኛው መልስ ነው። የሚከተላት ሰው የለም ማለት ነው። ሴትዮዋ የመሣሪያ ቦርሳዋን ባንኮኒው ላይ አሳረፈችና ትከሻዋን አሻሸች። ባለሱቁ ካርቶን ሊያመጣ ወደ ጓዳ ገባ። ከዚህች ቃል ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ማወቅም አይፈልግም።

ከጎኗ አንድ ሽማግሌ ቆሞ የኤሌክትሪክ ገመድ ያገላብጣል። ጫማው የተወለወለ፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ፣ ሲያዩት ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር የሚመስል።

መቀስ።

ሃያ ሁለት ዓመት በስለላ ሥራ አለቃዋ ሆኖ ኖሯል። እሷ መርፌ ናት። ክር የሚባልም ነበር፤ ባሏ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሞቷል። ስሞቹን ያወጣው ሰው ቀልድ ይወድ ነበር። ክፍሉ የሦስት ሰው ክፍል ነው። ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት የለም። መርፌ ማን እንደሆነች፣ ለማን እንደምትሠራ ከመቀስ በቀር የሚያውቅ የለም።

«ያ ማሽን እንዴት ሆነ?» አለ ዓይኑን ከገመዱ ሳያነሳ።

«እንዳልኩዎት ነው፣ ጋሼ። ማንም ሳይነካው ይግላል። አራተኛ ፎቅ፣ ጥግ ክፍል። ተቆልፎበት ነው የሚውለው።»

«ዛሬ ይጠሩሻል። ፋኑን ቀይሪና ውጪ።»

«ምን እንደሚሠራ ልየው?»

«አትቆፍሪ። እምነታቸውን ብቻ ነው የምፈልገው።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ቆፍሪ» ሲላት የኖረ ሰው ነው። ምናልባት ደክሞታል። እሷም ደክሟታል። አልጠየቀችም።

«ይኼን ከጨረስሽ ዕረፍት ይገባሻል፣ ልጄ» አለ።

«ስንተኛው ዕረፍት ነው?»

«ይኼኛው የምር ነው።»

ገመዱን መልሶ ሰቀለና ወጣ። እሷ ካርቶኑን ተቀበለች። ከሱቁ ስትወጣ ወደ ግራ ዞረች፣ ጫማዋን ልታስር ጎንበስ አለች፣ በመኪና መስታወት ከኋላዋ ያለውን መንገድ አየች። ማንም የለም። ስትነሳ ጉልበቷ ቀጭ አለ።

ድርጅቱ የሕንፃ ንድፍ ይሠራል። እውነትም ይሠራል፤ ሦስቱ ፎቅ የሚኖረው በንድፍ ነው። አራተኛው ፎቅ ግን የባዕድ አገር የስለላ ቢሮ ነው። ይህ ከተረጋገጠ ስምንት ወር ሆነ፤ እሷም የኮምፒውተር ቴክኒሻን ሆና ከተቀጠረች ስምንት ወር ሆናት። በስምንት ወር ውስጥ የጠገነችውን ፕሪንተር እግዜር ይቁጠረው።

«እትዬ ካቻቢቴ!» አለ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ። «ዛሬ ደግሞ ምን ተበላሸ?»

«ያልተበላሸውን ቢጠይቁኝ ይቀለኛል።»

«የእኔን ወገብ አትጠግኚልኝም?»

«የእርስዎ ሞዴል መለዋወጫው መመረት አቁሟል፣ አባባ።»

ዘበኛው እየሳቀ ቦርሳዋን በረበረ። መሳቁ እጁን አያዘናጋውም። ካቻቢቴዎቹን አንድ በአንድ አወጣ። የፋኑን ካርቶን ከፈተ። ብሩሹን ነካ። ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ያለበትን ትንሽ ቱቦ ጨመቅ አደረገ። ምንም የለም። ካሜራ አትይዝም፣ ፍላሽ አትይዝም። ባዶ እጅ የሚፈተሽበት መንገድ የለም።

አራተኛ ፎቅ ላይ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው የተቀበላት። ድምፁ ለስላሳ ነው። በር ይከፍታል፣ ወንበር ይስባል። ከእሷ በፊት የነበረው ቴክኒሻን የት እንደገባ የሚያውቅ ግን የለም።

«እህቴ፣ ይኼ ነገር አሠቃየኝ። ዘጠና አንድ ዲግሪ ይደርስና ጥፍት! በቀን ሦስት ጊዜ።»

ክፍሉ ጠባብ ነው። መጋረጃው ተዘግቷል። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ጠረጴዛው ሥር አንድ ኮምፒውተር። ስክሪኑ ጠፍቷል። ሳጥኑ ግን እንደ ወፍጮ ይጮሃል። እጇን ከኋላው አስጠጋች። የምድጃ አፍ ነው።

«ማን ነው የሚሠራበት?»

«ማንም። ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው።»

«ሥራ ፈት አያልበውም።»

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ፤ ወዲያው ተወው። «ፋኑን ቀይሪልኝ። ሌላውን ተይው።»

ይኼኔ «እሺ» ብትል ኖሮ በሃያ ደቂቃ ጨርሳ ትወጣ ነበር። መቀስም ያዘዘው ይህንኑ ነው። ግን ሰው ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ነገር ከተማረ አፉ ሳያማክረው ይናገራል።

«ፋን ብቻ መቀየር ትኩሳት የያዘውን ሰው ማራገብ ነው። አዲሱም በሳምንቱ ይቃጠላል። ያኔ ደግሞ ይቺ ሴትዮ ናት ያበላሸችው ይሉኛል። ለምን እንደሚግል ልወቅና ልቀይር።»

አሰበ። ሰዓቱን አየ።

«እሺ። ግን እኔ ከኋላሽ ነኝ። ያቺን ትንሽ ሳጥን ደግሞ እንዳትነኪያት።» ጠረጴዛው ላይ በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘች፣ መዳፍ የማትሞላ ጥቁር ሀርድ ዲስክ አለች። «ሁለተኛ የላትም። ባለቤቷ ኮፒ አትደረግም ብሎ ነው የሰጠን።»

ተቀመጠች። ስክሪኑን አበራች። ማሽኑ ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ነው የሚሠራው። ሥራ አስኪያጁ ከትከሻዋ በላይ ተሻግሮ ፓስወርዱን ራሱ አስገባ። ሽቶው ከፊቷ አለፈ። ጥቁሯን መስኮት፣ ተርሚናሉን ከፈተችና ጠየቀች።

ዋናው ፕሮሰሰር፦ ሦስት በመቶ። ተኝቷል።

የግራፊክስ ካርድ፦ ዘጠና ስምንት በመቶ።

«እዩት» አለች። «ሥዕል የሚስለው ክፍል ነው የሚለፋው። የሚሳል ሥዕል ግን የለም።»

«ምን ይሆን?»

«ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው።»

እውነቷን ነው። ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው። የሚንቀሳቀስ የጀርባ ሥዕል ይኖራል፤ እዚህ የለም፣ ግራጫ ቀለም ብቻ ነው። ክፍቱን የተረሳ ብሮውዘር ይኖራል፤ የለም። የመስኮቶቹን ጥላና ጌጥ አጠፋችው፤ ዘጠና ስምንት። ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን አየች፤ ትክክለኛው ነው፣ አዲስ ነው፣ ነገር የገባው ሰው ነው የጫነው። ማንም በማይነካው ማሽን ላይ ይህን ያህል የተመረጠ ድራይቨር ማን ይጭናል?

«ይኼም አይደለም» እያለች ትናገራለች በየመሀሉ። የጥርስ ሐኪም እንደሚያወራው ዓይነት፣ በሽተኛው እንዳይደነግጥ።

ሥራ አስኪያጁ አዛጋ።

ካርዱ ላይ የተቀመጡትን ፕሮግራሞች ዘረዘረች። ሦስት ናቸው። ሁለቱ የሚታወቁ። ሦስተኛው ስሙ የስክሪን ሴቨር፣ ሰው ሲርቅ ስክሪን ላይ ሥዕል የሚያሳይ ፕሮግራም ስም ነው።

ስክሪኑ እኮ ጠፍቶ ነበር።

ስልክ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ኪሱን ዳበሰ፣ ቁጥሩን አይቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከበላይ ነው። «መጣሁ» አላትና ወደ ኮሪደሩ ወጣ። በሩን ግማሽ ተወው። ድምፁ ይሰማል፦ «አዎ ጌታዬ… ሰማንያ አንድ… አዎ፣ እያስጠገንኩት ነው…»

ጣቶቿ ቀድመዋት ሄዱ። ስሙ ውሸት ነው፤ ከየት ተነሥቶ ምን ታዝዞ እንደሚሠራ ግን ሊኑክስ አይደብቅም። ጠየቀችው። አንድ ረጅም መስመር ጻፈላት።

አነበበችው።

ማሽኑ የይለፍ ቃል እየገመተ ነው። ከአምስት ሳምንት በፊት ጀምሯል። ሰማንያ አንድ በመቶውን ሞክሯል። ስምንት ቀን ይቀረዋል። የሚፈልገው ቃል አምስት ፊደል አለው፤ አምስቱም ባዶ ናቸው፣ ሁሉም ዓይነት ፊደል ይሞከርባቸዋል። ከአምስቱ ቀጥሎ ስድስት ቁጥር አለ።

ስድስቱ ቁጥር ግን ባዶ አይደለም። ተሞልቷል።

እጇ ቆመ።

በመቀስ ክፍል ውስጥ የይለፍ ቃል የሚሠራበት አንድ ሕግ ነበር። ከእናትህ አፍ የሰማኸውን ተረት ውሰድ። የየቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ጻፍ። ከዚያ ቃለ መሐላ የፈጸምክበትን ቀን ከኋላ ወደፊት ጨምር። ሕጉን ያወጣው መቀስ ራሱ ነው። የእናት ተረት አይረሳም፣ የማሉበት ቀን አይረሳም፣ ይል ነበር። አያያዙን ከሦስቱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ቁጥሮቹን ከኋላ ወደፊት አነበበቻቸው።

ክር የማለበት ቀን ነው።

በዚያ ቀን በክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰው ነበር። አንዱ ማለ። አንዷ ምስክር ቆመች። አንዱ አስማለ። የማለው ሞቷል። ምስክሯ እዚህ ተቀምጣለች።

ቀና ብላ ጥቁሯን ሳጥን አየቻት። አንዱ ጠርዟ ተሸርፏል። ወጥ ቤት ውስጥ ከክር እጅ አምልጣ ወለሉ ላይ የወደቀች ዕለት ነው። «እንኳን እግሬ ላይ አልሆነ» ብሎ ነበር።

መኪናው ተቃጠለ፣ ዲስኩም አብሮ ተቃጠለ። በቀብሩ ዕለት እጇን ይዞ እንዲህ ያላት መቀስ ነው።

በዚያች ሳጥን ውስጥ ሰባት ሰዎች አሉ። ስማቸው፣ ቤታቸው፣ የልጆቻቸው ትምህርት ቤት። ክርን አምነው ምስጢር የነገሩት ሰዎች ናቸው። ከሰባቱ አንዱን በመልክ ታውቀዋለች፤ በቀብሩ ከኋላ ቆሞ፣ ሳያናግራት የሄደ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ቃሉ ከተገኘ ሰባቱም በሳምንት ውስጥ አይኖሩም።

ሌላም ነገር አለ።

«ድንገት ከሌለሁ ክፈቺው» ብሏት ነበር ክር አንድ ማለዳ፣ ጫማውን እያሰረ። «ለአንቺ ያስቀመጥኩት አለ።»

«ምንድን ነው?»

«ያኔ ታዪዋለሽ።»

ተረቱን ታውቀዋለች። አማቷ እንግዳ በሸኘች ቁጥር በሩን ዘግታ የምትለው ነው፦ «የወፍ ወንዱ፣ የሰው ሆዱ አይታወቅም።» አምስት ቃል። ማሽኑ በአምስት ሳምንት ያላገኘውን እሷ በአሥር ሰከንድ ትጽፈዋለች። ሳጥኗ ትከፈታለች። ያስቀመጠላትን ታያለች። ምናልባት ድምፁ ነው። ምናልባት አንድ መስመር ነው።

«…አይ፣ ታማኝ ሴት ናት፣ ሞኝ ቢጤ…» አለ ድምፁ በኮሪደሩ።

ማሽኑን ብታጠፋው መልሰው ያስነሡታል። ሳጥኗን ነቅላ ብትሮጥ አራት ፎቅ ደረጃና ያ ዘበኛ አሉ። አንድ መንገድ ብቻ ነው የቀረው። እንዲህ ያለ ዲስክ ግንባሩ ላይ አንዲት ትንሽ ገጽ አለችው። የይለፍ ቃሉን ወደ ቁልፍ የምትለውጠው እሷ ናት፤ ማሽኑም እያንዳንዱን ግምት የሚያመሳክረው ከእሷ ጋር ነው። ገጿ በሌላ አዲስ ገጽ ብትተካ ማሽኑ አይነቃም። እዚያው ሰማንያ አንድ ላይ ሆኖ፣ ማንም የማይኖርበትን ቤት ስምንት ቀን ሲያንኳኳ ይከርማል።

ዲስኩ ግን ከዚያ በኋላ ለማንም አይከፈትም። ቃሉን ለሚያውቅም ሰው ቢሆን።

ማዘዣውን ጻፈች።

ሥራ አስኪያጁ «እሺ ጌታዬ» አለ።

ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው።

«እሺ። ደኅና ይዋሉ።»

ተጫነችው።

ሊኑክስ ሥራው ሲሳካ ምንም አይልም። የሚናገረው ሲሳሳት ብቻ ነው። ስክሪኑ ምንም አላለም።

የጻፈችውን ሁሉ ከመዝገቡ አጠፋች። በሩ ተከፈተ።

«እህስ?»

«አቧራ ነው» አለች። ድምፅዋ የራስዋ ነበር። «ዕቃው ሌላ በሽታ የለበትም። የስክሪን ሴቨር የሚል አንድ ነገር አለ፣ እሱን ላጥፋው?»

«አይ! እሱን ተይው።»

«እንደፈለጉ። ለፋኑ ግን አጥፍቼ ማብራቴ ነው።»

«ከቆመበት ይቀጥላል አይደል?»

«ምኑ?»

ሥራ አስኪያጁ ተሳስቶ እንደነበር ገባው። እሷ የገባት አልመሰለችም። ካቻቢቴዋን አንሥታ ጠረጴዛው ሥር ገባች። አቧራውን በብሩሽ ጠረገች፣ አሮጌውን ፔስት በጨርቅ ጠርጋ አዲሱን ቀባች፣ ፋኑን ቀየረች፣ አራት ብሎን አጠበቀች። እንደ ሁልጊዜዋ አሳምራ ሠራችው። መጥፎ ጥገና ሰው ያስጠራል፤ ጥሩ ጥገና ያስረሳል።

ማሽኑ ተነሣ። ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየ። ረጅሙን መስመር በጣቱ ተከተለው።

ፊደሎቹን አለፈ።

ቁጥሮቹን አለፈ።

ሰማንያ አንድ በመቶ። ጣቱን አነሣ። በየቀኑ ለበላይ ሪፖርት የሚያደርግ ሰው የሚያነበው አንዲት ቁጥር ብቻ ነው።

«እጅሽ ይባረክ፣ እህቴ።»

መቀስ ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ሁለት መንገድ ማዶ ጠበቃት። መኪና ውስጥ ነበር። መስታወቱን ዝቅ አደረገ።

«ሠራሽው?»

«ሠራሁት፣ ጋሼ።»

«ሌላ ያየሽው ነገር?»

«አትቆፍሪ አሉኝ። አልቆፈርኩም።»

ረጅም ጊዜ አያት። ያሠለጠናት እሱ ነው፤ ፊቷን ማንበብ ከማንም ይበልጥ ይችላል። ግን ፊቷ ላይ የነበረው ድካም ብቻ ነው፤ ድካሙም ውሸት አልነበረም።

«ግቢ። ልሸኝሽ።»

ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል። ወጣት ነው፣ ሰፊ ትከሻ፣ እጁ ጭኑ ላይ። አይታው አታውቅም። ሰላም አላላትም።

ክርም መኪና ውስጥ ነው የሞተው።

የበሩ ቁልፍ ቀጭ ብሎ ተከፈተ።

«በእግሬ ይሻለኛል» አለች። «ለነገሩ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ፋኑ አዲስ ቢሆንም ካርዱ ተጎድቷል። በየሁለት ቀኑ እየገባሁ ካላጸዳሁት እንደገና ይቆማል። ሥራ አስኪያጁ ለስምንት ቀን ነው የምፈልገው ብሏል። ከእኔ ሌላ ሰው ደግሞ እዚያ ክፍል አያስገባም።»

የሚያሰላው ነገር መቀስ ፊት ላይ ታየ። መሪውን በአውራ ጣቱ መታ መታ አደረገ።

«ስምንት ቀን» አለ።

«ስምንት ቀን።»

መስታወቱ ወደ ላይ ወጣ። መኪናው ሄደ። እሷ ትምህርት ቤት የለቀቀው ሕዝብ መሀል ገባች፣ በአንድ በር ወደ ገበያ አዳራሽ ገብታ በሌላው ወጣች። ከዚያ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። አንዲት አላፊ ሴት «አመመሽ እንዴ የኔ እመቤት?» አለቻት። «ደክሞኝ ነው» አለች። እንዲህ ያለ እውነት ከተናገረች ቆይታለች።

መጥፋት ትችል ነበር። ግን ቴክኒሻኗ ከጠፋች ሥራ አስኪያጁ ይጠረጥራል፣ ሳጥኗን ያስመረምራል፣ ሰባቱን የሚያገኝበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ሰባቱ ሰዎች የሚድኑት ማሽኑ በሰላም ቆጥሮ፣ በሰላም ሲያጣ ነው። ስለዚህ ስምንቱን ቀን ወደ ሥራዋ ሄደች። ፕሪንተር ጠገነች። ከዘበኛው ጋር ቀለደች። በየሁለት ቀኑ ጥግ ክፍል ገብታ ንጹሑን ፋን ጠረገች። ሰማንያ ስድስት። ዘጠና አንድ። ዘጠና ስድስት። ቃሉ ያለበት ቦታ እንደሚታለፍ ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ማሽኑ እሱን ቃል አንድ ቀን ሞክሮት ይሆናል፤ ሞክሮ፣ አይደለም ብሎ፣ አልፎ ሄዷል።

በስምንተኛው ቀን ከምሳ በፊት ሥራ አስኪያጁ አስጠራት።

ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ፋኑ አይጮህም። ስክሪኑ ላይ አንድ መቶ ይላል። ከሥሩ፦ አልተገኘም።

ሥራ አስኪያጁ በሩን ዘጋ። ወንበር አልሳበላትም።

«አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ፤ አስበሽ መልሺልኝ። ይኼ ማሽን አንድ ነገር ይፈልግ ነበር። አላገኘም። ሙቀቱ፣ መጥፋቱ፣ መነሣቱ… ማሽኑ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል?»

አዎ ብትል ጥፋቱ ወደ ጠጋኟ ይመጣል። አይ ብትል ወደ ሌላ ይሄዳል። ወደ ማን እንደሚሄድ ታውቃለች። በበሩ ሥር ያለውን ጥላ አየች፤ ሰው አለ ከውጪ።

«ማሽን የሰጡትን ነው የሚሠራው» አለች። «የሚፈልገውን ማን ነገረው?»

ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ብዙ ጊዜ ነቀነቀ።

«ኮሪደሩ ላይ ቆዪ።»

ሽማግሌው በሁለት ሰዎች መሀል ሆኖ ደረጃውን ሲወጣ አየችው። ጫማው ዛሬም የተወለወለ ነው። ሊፍት አላስገቡትም። ትንፋሽ አጥሮት ነበር። ፊት ለፊቷ ሲደርስ ቆመ።

ያን ጊዜ ገባው።

አፉን ከፈተ። እሷ ባለችበት ቆመች። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ይቺ ሴት ሰላይ ናት ቢል ያበቃላታል።

ግን ሰላይነቷን ከየት አወቅህ ይሉታል። የማን ናት ይሉታል። የእኔ ናት፣ ስምንት ወር ሙሉ ከእናንተ ጋር እየተዋዋልኩ እናንተው ቤት የሰካኋት እኔ ነኝ፣ ሊል አይችልም። ለሁለቱም ወገን ሲሸጥ ከሁለቱም የደበቃት እሷን ነው። ሰው ሲደክመው እጁ አጠገብ ያለውን ዕቃ ያነሣል፤ እሱም ፋን የምትቀይርለት ሴት ሲያስፈልገው ያነሣው እሷን ነበር።

አፉን ዘጋ።

«ደኅና ነሽ?» አለ፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

በሩ ተዘጋ።

ወደ ታች ወረደች። ሦስተኛ ፎቅ ወረቀት የተቀረቀረበት ፕሪንተር ነበር፤ ወረቀቱን አወጣችለት። ወሩ እስኪያልቅ ሠርታ፣ እናቴ ታማለች ብላ ለቀቀች። ዘበኛው ቦርሳዋን ለመጨረሻ ጊዜ በረበረና «ወገቤን ሳትጠግኚ!» አላት።

ስለ መቀስ የሰማችው ነገር የለም። አልጠየቀችም። ሪፖርት የምታደርግለት ሰው አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት ለማን እንደሠራች የሚመሰክር አንድ ሰው ነበር፤ እሱንም ራሷ አሳልፋ ሰጠችው። አንድ ጠዋት የራሷን አገር የስለላ መሥሪያ ቤት በር በሩቁ አይታ ተመለሰች። ገብታ ምን ልትል? መርፌ ነኝ ብትል ክርሽ የት አለ ብለው ይስቁባት ነበር።

ሌላ ከተማ። ከአውቶቡስ መናኸሪያ ጀርባ ያለ ቅያስ። አከራይዋ ወፍራም፣ ነጠላ ጫማ የተጫማች፣ ቁልፍ በጣቷ የምታሽከረክር ሴት ናት። ክፍሉን አሳየቻት። አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት።

«ውሃ ማክሰኞና ዓርብ ነው የሚመጣው፤ በርሜሉን ሙይ። ሥራሽ ምንድን ነው?»

«የተበላሸ ነገር እጠግናለሁ። ኮምፒውተር።»

«ኧረ ተመስገን፣ የልጄ አንድ አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ። ልጅ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ባልስ?»

በኖረችባቸው የሐሰት ኑሮዎች ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልሷ አንድ ነበር፦ አላገባሁም። አሁን ማንም ያዘጋጀላት ታሪክ የለም።

«ነበረኝ» አለች። «ሞተ።»

«እኔን!» አከራይዋ ቁልፉን ማሽከርከር አቆመች። እንደዚህ ያለች ሴት የምትጠይቀውን ጠየቀች። «የተወልሽስ ነገር አለ?»

«አለ።»

«ምን?»

«አላየሁትም።»

ሴትዮዋ አልገባትም። ግን ሰው አልገባኝም የማይልበት ጊዜ እንዳለ ታውቃለች።

«እሱስ ሳይታይ ቢቀር ይሻላል» አለች። «የእኔው ሲሞት ምን ትቶልኝ ሄደ መሰለሽ? የማይሠራ ሬዲዮና ሌላ ሚስት።»

መርፌ ሳቀች። ሳቋ እንግዳ ነገር ሆኖባት ወደ መስኮቱ ዞረች። አከራይዋ ፊቷን እንዳላየች ሆና የአልጋውን አንሶላ ጠርዝ አስተካከለች።

«ስምሽን ማን ልበል?»

ስም ሰጠቻት። ማንም ያልተጠራበት ስም ነው። አከራይዋ ስሙን እየደጋገመች ደረጃውን ወረደች፣ እንዳይጠፋባት።

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ቧንቧው ውስጥ አየር ሲያፏጭ ተሰማ። እጅጌዋን ሰብስባ በርሜሉን ሥሩ አስጠጋችና ውሃው እስኪመጣ ቆመች።